ዳኛውን የሚመድበው ማነው?

በመሳለሚያ ዙሪያ የሰፈር ቡድኖች ሲጋጠሙ ጨዋታው የተበላሸ እንደሆነ ተመልካቹ ሁሉ በዳኛው ላይ ይጮኻል። ዳኛውን በመደበው ሰው ላይ የሚጮኽ ግን የለም። እኛ የነገሩ ሥር ከዚያ ነው እንላለን።

እንደ ልማዱ ምደባው የሚያልቀው በአንድ ሰው የኪስ ስልክ ነው። ቅዳሜ ማታ ይደወልና «ነገ በሦስት ሰዓት ተገኝ» ይባላል። ከእህል በረንዳ ልጆች ጋር ያደገ ዳኛ የእህል በረንዳን ቡድን ቢያጫውት መዝገቡ አያሳይም፤ ሰፈሩ ግን ያውቃል። ከእኛም መካከል በዳኝነት አበል የታክሲና የፎቶ ኮፒ ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ጓደኞች አሉ። እነዚህን የሚያስፈራቸው የተመልካች ስድብ ሳይሆን የስልኩ ዝምታ ነው። ለባለጉልበቱ ቡድን ሪጎሬ የከለከለ ዳኛ አይባረርም፤ ደብዳቤም አይደርሰውም፤ ብቻ ሁለተኛ አይጠራም። ባልተጻፈ ቅጣት ላይ እንዴት ይግባኝ ይባላል?

ሪጎሬን ከነስሙ ያስተማሩን ኢጣልያኖች ይህን በሽታ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የክለብ ሹማምንት ከዳኛ መዳቢዎች ጋር የተነጋገሩት የስልክ ቃል ሲጋለጥ ዩቬንቱስ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወርዷል። ቀደም ሲል፣ በ1984–85፣ ዳኞች በዕጣ ሲመደቡ ዋንጫውን ያነሣው ትንሹ ቬሮና ነበር። ዕጣው ብቻ አነገሠው አንልም፤ ነገር ግን ያስጠረጥራል።

ዛሬ በጀርመንና በአሜሪካ ለልጆች ጨዋታ ሳይቀር ዳኛ የሚመደበው በኢንተርኔት ፕሮግራም ነው። ዳኛው የማይመቸውን ቀን፣ ሰፈሩንና የሚቀርበውን ክለብ ይሞላል፤ ሰዓት ከተጋጨ ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃል፤ ዳኛው እሺ ወይም እምቢ ማለቱ ተጽፎ ይቀራል። ማን ስንት ጊዜ እንደ ተዘለለ በቁጥር ይታያል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል በዚያው በባለስልኩ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ፕሮግራሙንም፣ ዝርዝሩን ለሁሉ መግለጥንም።

ልድያ ታፈሰን በ2015 ለካናዳው የሴቶች የዓለም ዋንጫ፣ ባምላክ ተሰማን በ2018 ለሩሲያው ያበቃች አገር ዳኛ አላጣችም። የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን የመሰለ ፕሮግራም በአንድ ዕረፍት ሊጽፉት ይችላሉ። በመጪው ክረምት ውድድር ይሞከር፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ በአጭር የስልክ መልእክት ይሠራል። የምደባውም ዝርዝር ዓርብ ማታ በሜዳው አጥር ላይ ይለጠፍ።