መኝታው መኪና ውስጥ
ጡረታ የወጡ አውሮፓውያን ባልና ሚስት አልጋና ምድጃ በተገጠመለት መኪና ከስፔን እስከ ግሪክ ይዞራሉ፤ መንገድ ላይ ዘመድ ጠይቀው ማታ ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። ይህን ጎጃም ውስጥ ባለችው ሮብ ገበያ ከተማ የሚሞክር ወዮለት! ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ ደብረ ማርቆስን አልፈው አክስታቸውን ሊጠይቁ የመጡ ባልና ሚስት መኪና ውስጥ ቢያድሩ አክስትየዋ «ምን በደልናችሁ?» ማለቷ አይቀርም። (ሆቴል ማደርማ የባሰ ስድብ ነው።) እኔ ግን ለመኪናው አደላለሁ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ በሚልከው ውርጭ አልጋዋን ለእንግዳ ለቃ መደብ ላይ የምታድረው፣ ተበድራም ቢሆን በግ የምታሳርደው እሷው ናት። እራቱ አብሮ ይበላ፣ ጨዋታውም ይድራ፤ እንግዳ መኝታውን ይዞ ቢመጣ ግን ነውሩ የቱ ላይ ነው?