ከሉካንዳ ወይስ ከጣሳ? የድመት ቀለብ ሙግት

ከሉካንዳ ይሁን

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ለድመቱ ከሱፐርማርኬት ከውጭ የመጣ ደረቅ ምግብ ይገዛል። የሌለው ከገበታ የተረፈውን ፍትፍት ያቀርብላታል። የመጀመሪያው ኪስ ያራቁታል፤ ሁለተኛው ድመቷን ይመርዛታል። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬውም ቁሌቱም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የዶሮ ወጥ ያስለመዳት ሰው ደም ማነስ እያጎረሳት ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ስንል እንነቅፋታለን። ምን ታድርግ? ካሮት ብትበላ ቫይታሚን ኤ አታወጣበትም፤ ከጉበት ነው የምታገኘው። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገርም ሰውነቷ በበቂ አያመርትም፤ ከሥጋ ካልመጣላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ አሟልተናል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች ታውሪን አንሷቸው ልባቸው የታመመ ድመቶችን ለዓለም ሲያሳውቁ፣ እንስሶቹ ይመገቡ የነበረው ከገበያ የተገዛ ምግብ ነበር። በ2007 ደግሞ ሜላሚን የተቀላቀለበት ግብዓት ከቻይና ገብቶ በሰሜን አሜሪካ የብዙ ድመትና ውሻ ኩላሊት አጠፋ።

ስለ ውሃው ማንም አያወራም፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። አይጥ ከመቶ 70 ያህሉ ሰውነቷ ውሃ ነው፤ ደረቁ ምግብ ውስጥ ያለው ከመቶ 10 አይርቅም። የቤት ድመት ዘሯ ከደረቅ አገር የዱር ድመት ስለሆነ ቶሎ አይጠማትም፤ ምግቡ ያጎደለውን ጠጥታ አታካክስም። ሽንቷ ይወፍራል። ወንዱ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ነው፤ ከተዘጋበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

ስለዚህ ቀይ ሥጋና ልብ ከሉካንዳ ይገዛ፤ ጉበት ጥቂት ይጨመርበት፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የአንድ እንቁላል ቅርፊት ደቆ ይነስነስበት፤ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ዶሮ ከሆነ ይቀቀል፤ ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወርድ መረቁ አይደፋ። የበሬ ሥጋ ከሆነ ግን ጥሬውን ብትበላ ምን አለበት? እኛ ቁርጣችንን በአዋዜ እያጠቀስን፣ እግራችን ሥር የምትለምነውን እንስሳ «ላንቺ ጥሬ አይሆንሽም» ማለት ያስቃል።

ከሉካንዳው ይቅር

እህቴ፣ በሽንኩርቱ አንጣላም። የምንለያየው አንቺ ስለ ራስሽ ድስት ስትጽፊ እኔ ስለ ጎረቤትሽ ስለማስብ ነው። ጎረቤትሽ ልብ መርጦ፣ ቅርፊት ደቁሶ አይሰጥም። ርካሽ ሳንባ ገዝቶ ይወረውራል፤ ደግ ከሆነ ቀይ ሥጋ ይጨምራል። በቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ የካልሲየሙን አሥራ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። እሱን ብቻ የምትበላ ግልገል ሰውነቷ ካልሲየም ከገዛ አጥንቷ ይመዛል፤ ከወንበር ስትዘል እግሯ ይሰበራል። ጉበት ስለምትወድ በየቀኑ የሚሰጣትም አለ፤ ቫይታሚን ኤው ሲከማች የአንገቷ አጥንቶች ይጣበቁና ጀርባዋን መላስ ያቅታታል።

በጽሑፍ የወጣ አሠራር ቢከተልስ? በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 114 የድመት ምግብ አሠራሮችን መርምሮ ነበር፤ እንከን የሌለው አንድም አላገኘም።

የ1987ቱን ታሪክ ደግሞ እኩሌታውን ነው የነገርሽን። ጥፋቱ ሲታወቅ ፋብሪካዎቹ ታውሪን ጨመሩ፣ ያ የልብ በሽታም ብርቅ ሆነ። የፋብሪካ ስሕተት ብዙ ድመት ስለሚነካ ይታያል፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ይነሳል። በአንድ ማድ ቤት የተሠራው ስሕተት አንዲት ድመት ብቻ ይገድላል፤ የሚመዘግበው የለም። ውሃው ካሳሰበሽም እርጥቡ፣ በጣሳ የታሸገው ምግብ አለልሽ።

ቁርጡንስ ባታነሺው ይሻል ነበር። ጥሬ ሥጋ የበላች ድመት ቶክሶፕላዝማ ሊይዛት ይችላል፤ ተውሳኩን በዓይነ ምድሯ ታወጣዋለች፤ ከእሷ የተያዘች ነፍሰ ጡር ጽንሷ ሊጎዳ ይችላል። የወፍ ጉንፋንም አለ። በታኅሣሥ 2024 በአሜሪካ ኦሪገን አንዲት ከቤት የማትወጣ ድመት በኤች5ኤን1 ሞተች፤ ቫይረሱ የተገኘው ስትበላው በነበረ ጥሬ የቱርክ ሥጋ ውስጥ ነው። ሥጋው በረዶ ሆኖ የተሸጠ ነበር፤ ብርዱ ቫይረሱን አልገደለውም።

እስቲ አንድ ልጠይቅሽ፦ ሁዳዴ ገብቶ ሉካንዳው ሲዘጋስ?

መልስ

ወንድሜ፣ ቱርክም ዶሮም ጥሬውን ስጡ አላልኩም፤ «ይቀቀል» ብዬ ጽፌአለሁ። የቶክሶፕላዝማ እንቁላል ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ካልቆየ ሰው አይዝም፤ የምትጸዳዳበትን አሸዋ በየቀኑ መጥረግ ነው፣ ጠራጊውም ነፍሰ ጡሯ አትሁን። ጓሮ ወጥታ አይጥ የምታድን ድመት ጥሬ ሥጋ እየበላች ነው፤ ጣሳው ከዚያ አያድናትም። ለሁዳዴ በቅበላው ሰሞን ሥጋ ገዝቶ፣ ቀቅሎ፣ በየቀን ከፋፍሎ ፍሪዘር ማስገባት ይቻላል።

የመልስ መልስ

መብራት ካልጠፋ! ከአይጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ መክተፊያው ነው፤ በጥሬው ላይ ያለው ሳልሞኔላ ከድመቷ አልፎ ለሕፃን ሰላጣ ይተርፋል። ላበሰለው ግን በሬን አልዘጋም። ለጤነኛ አዋቂ ድመት ሥጋው ይቀቀል፣ ቅርፊቱ ይመዘን፣ ታውሪን በዱቄት ይጨመርበት፣ የእንስሳት ሐኪም አሠራሩን ይየው። ግልገልና እርጉዝ ድመት ከዚህ ስምምነት ውጭ ናቸው፤ ለእነሱ ጣሳውን እከፍታለሁ።