ወረቀቱ እስከ አያት ብቻ ነው የሚጠይቀው

ሞንትሪያል የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «የቤተሰብ ዛፍ ሠርታችሁ አምጡ ተባልን። የእኛ የቤተሰብ ስም ማነው?»

ምን ልበላት? እሷ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፣ እናቷ በወንድ አያታችን ስም፣ እኔ ደግሞ በአባቴ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ «ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው» የሚል ሐሳብ አስገብቶ ነበር። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ፣ እኛም በአባታችን ስም መጠራታችንን ቀጠልን።

የክፍል ጓደኛዋ ኩቤካዊት ግን ዛፏን እስከ 1600ዎቹ ሞልታ መጣች። ተአምር አይደለም። እዚያ የካቶሊክ ቄሶች ጥምቀቱን፣ ጋብቻውን፣ ቀብሩን ሁሉ ይጽፉ ነበር፤ መዝገቡም በሁለት ቅጂ ነበር የሚያዘው። እነሱም ቢሆኑ ጣጣ አላቸው። ወታደሩ ከስሙ ላይ «ዲ» ብሎ፣ ማለትም «የሚባለው» ብሎ፣ ቅጽል ይጨምራል፤ ከዚያ አንዱ ልጅ ዋናውን ስም ሌላው ቅጽሉን ይዞ ይቀራል። ዘር የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ማሰስ አለበት።

ለእኛ ይሄ አዲስ አይደለም። አጼ ምኒልክ ሲወለዱ ሣህለ ማርያም ነበሩ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው። ተራው ሰውም በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ሌላ ስም ይወጣለታል፤ ብዙ ጊዜ ጎረቤት እንኳ ያንን ስም የሚሰማው ለፍትሐት ሲጠየቅ ነው።

ታዲያ ያለ መዝገብ ሰባት ቤት እንዴት ተቆጠረ? እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ መልሴም ከዚያው ነው፦ ዋጋ ስለነበረው። አንዱ ምክንያት ጋብቻ ነው፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ሌላው ርስት ነው። ከደብረ ሲና በላይ መንዝ ላይ መሬት ለማግኘት ከዋናው አባት መወለድህን፣ በአባትም ሆነ በእናት በኩል፣ ቆጥረህ ማስረዳት ነበረብህ። መቁጠር ያልቻለ መሬት አጣ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ግን ቆጠራው ገበያውን አጣ። አዋጁ ልክ አልነበረም እያልኩ አይደለም፣ ለስንቱ ጭሰኛ ነፃነት ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ልጁን ቁጭ አድርጎ ትውልድ የሚያስጠና አባት ምን ጥቅም ያገኛል?

ዛሬ የልደት ምዝገባ አለን፣ መታወቂያ አለን፤ ሁሉም ስም እስከ አያት ይጠይቁና ያቆማሉ። ከሰባቱ ሦስቱ ስልካችን ውስጥ ገቡ፣ አራቱ አሁንም ሴት አያቴ ጋ ናቸው።

ስለዚህ ሄድኩ። ጣርማበርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን አልፌ፣ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ወረድኩ። ስልኬን አጠገቧ አስቀምጬ የራሷን ዘር ቁጠሪልኝ አልኳት። ሳታቋርጥ ቆጠረች። አምስተኛው ላይ ሙሐመድ አለች። እኛ ቤት እኮ ሁላችንም ክርስቲያን ነን! «ይሄስ?» ስላት ቡናዋን እየቀዳች «ይፋት አይደለም እንዴ ልጄ፣ ምን ይገርማል» አለችኝ። ይሄን የትኛው አፕ ይነግረኛል?

አንዳንድ ጓደኞቼ ለውጭ ወረቀት እንዲመች እኛም ቋሚ የቤተሰብ ስም እንያዝ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉትን ስሞች አስቡ፤ ከዚያ ልጅ በፊት የሞተ ወንድም ወይም እህት እንደነበር ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። ሴቶቻችንም ሲያገቡ ስማቸውን አይለውጡም፤ ኩቤክ ይሄን በሕግ የደነገገችው በ1981 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የጎደለን የቤተሰብ ስም ሳይሆን መዝገብ ነው። መቅጃው ደግሞ ኪሳችን ውስጥ አለ፣ በቀን አምስት ሰዓት ቲክቶክ የምናይበት።

ድምፁን ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። የትምህርት ቤቱ ዛፍ ላይ ቦታ አልበቃትም መሰለኝ፣ በጀርባው ጻፈችው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አያቴ ደወለች። «ያን ቀን ወንዶቹን ብቻ ነው የቆጠርኩልህ፣ እናቶቻቸው ቀሩ» አለችኝ።

ለፋሲካ እወርዳለሁ።