ጎል የማያገባው አጥቂ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። አሥር ዓመቱ ነው፤ 9 ቁጥር ለብሶ ይጫወታል። ቡድኑ 3 ለ 1 አሸነፈ፣ እሱ ግን አላገባም። መኪና ውስጥ እንደገባን «አንተ አጥቂ አይደለህም እንዴ? አንድ እንኳን አታገባም?» አልኩት። ዝም አለኝ። ማታ እህቴ ደወለች። «ልጁን ምን ብለኸው ነው? ከእንግዲህ ኳስ አልጫወትም እያለ ነው።»

ይበልጥ ያሳፈረኝ የሊቨርፑል ደጋፊ መሆኔ ነው። ሮቤርቶ ፊርሚኖን ለዓመታት ያየ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቅም።

ኳስ የማትከታተሉ አንባቢዎች፣ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። የርገን ክሎፕ በ2018/19 እና በ2019/20 የውድድር ዘመን በብዛት የተጠቀመበት አሰላለፍ በወረቀት ላይ 4-3-3 ነው፤ አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ። ከፊት በቀኝ ሞሐመድ ሳላህ፣ በግራ ሳዲዮ ማኔ፣ መሃል ላይ ፊርሚኖ። በተለምዶ ጎል የሚጠበቀው ከመሃለኛው ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል።

ቡድኑ ኳሱን ሲይዝ ፊርሚኖ ብዙ ጊዜ ወደ ፊት አይሮጥም፤ ወደ ኋላ፣ ወደ አማካዮቹ ይጠጋል። እስቲ ራሳችሁን በተጋጣሚው የመሃል ተከላካይ ቦታ አስቀምጡ። ብትከተሉት ከጀርባችሁ ባዶ ሜዳ ትታችሁ ትሄዳላችሁ። ባትከተሉት ኳሷን ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ ለፈለገው ያቀብላል። ሁለቱም ያስከፍላል። ሳላህና ማኔ የሚጠብቁት ይህቺን ቅጽበት ነው፤ ከመስመር ተነስተው ወደ ውስጥ ሰንጥቀው ይገባሉ። በ2018/19 ሁለቱም በፕሪሚየር ሊጉ 22፣ 22 ጎል አግብተው የወርቅ ጫማውን ከአርሰናሉ ኦባሜያንግ ጋር ተጋሩ። ፊርሚኖ 12 ነበር ያገባው።

የመስመር አጥቂዎቹ ወደ ውስጥ ከገቡ ታዲያ መስመሩን ማን ያዘው? ተከላካዮቹ! በቀኝ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ 12፣ በግራ አንድሪው ሮበርትሰን 11 ጎል የሆኑ ኳሶችን በዚያው የሊግ ዘመን አመቻችተው አቀብለዋል። እነሱ ወጥተው ሲሄዱ ክፍተቱን የሚሸፍኑት እንደ ሄንደርሰን፣ ዊናልደምና ፋቢኒዮ ያሉ አማካዮች ናቸው። ሥራቸው እንደ ቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ ያልተሠራ ቀን ብቻ ነው የሚታየው። ያም ሆኖ ከጀርባ የሚቀረው ሜዳ ሰፊ ነው። ክለቡ በ2018 ለቨርጂል ቫን ዳይክ 75 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለው፣ አሊሰንንም ያመጣው በከንቱ አይደለም።

ኳስ ሲነጠቅ ደግሞ መጀመሪያ ከሚያባርሩት አንዱ ያው ፊርሚኖ ነው። ይህ በየትኛውም የጎል ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም። በእኛ በማርኬቲንግ ሥራም ይኸው በሽታ አለ፤ ደንበኛውን ስድስት ወር ያለማመደው ይረሳና ውሉን ላስፈረመው ይጨበጨባል። (ያስፈረምኩበት ጊዜ አለ፤ ጭብጨባውን አልጠላሁትም።)

በ2018/19 ሊቨርፑል 97 ነጥብ ይዞ በማንቸስተር ሲቲ በአንድ ነጥብ ተበለጠ፤ ሻምፒየንስ ሊጉን ግን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት በ99 ነጥብ ከ30 ዓመት በኋላ የሊግ ዋንጫ አነሳ። በዚያ የሻምፒዮንነት ዘመን 9 ቁጥሩ ፊርሚኖ በሊጉ ያገባው 9 ጎል ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በገዛ ሜዳው በአንፊልድ ያገባው አንድ ሲሆን እሱም የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ላይ፣ ቼልሲን 5 ለ 3 ሲያሸንፉ ነው። ክሎፕ ግን ከሳምንት ሳምንት ያሰልፈው ነበር።

ረቡዕ ማታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ረከቦቱ ላይ የነበሩትን ሲኒዎች አውርደን ምንጣፉ ላይ 4-3-3 ደረደርን። የፊርሚኖን ሲኒ ወደ ኋላ ስስበው ልጁ ትንሽ አየና የተጋጣሚውን ተከላካይ ሲኒ ራሱ አስከተለው።

«ቅዳሜ ሁለተኛው ጎል እንደዚህ ነው የገባው» አለኝ። «ተከላካዩ እኔን ተከትሎኝ መጣ፣ ጓደኛዬ ባዶ ቦታ አገኘ። አላየህም?»

አላየሁም። ስልኬን እያየሁ ነበር።