ቲራሚሱ በገና ማዕድ

በበዓል ማዕዳችን ላይ ጣፋጭ የራሱ ቦታ ኖሮት አያውቅም። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ዶሮው ይወጣል፤ ጠላው ወይም ጠጁ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ስኒው ይደረደርና ጀበናው ይጣዳል። የማዕዱ መዝጊያ ቡና ነው። እኔ ግን ከዶሮው በኋላ፣ ከቡናው በፊት ባለችው ጠባብ ክፍተት አንድ ነገር አስገብቻለሁ፤ ለገና በድፎ ዳቦ፣ በአይብና በማር የምሠራውን ቲራሚሱ። ይህን የሰማ ሁሉ ከሁለት አንዱን ይለኛል። አንደኛው ወገን፣ «በዓላችን ምን ጎድሎት ነው የጣልያን ነገር የምትጨምሪበት?» ብሎ ይቆጣል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «ዳቦና አይብ የገባበትን ምን ብለሽ ነው ቲራሚሱ የምትይው?» ብሎ ይስቃል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ልስጥ ብያለሁ።

ከሚስቀው ልጀምር፤ የእርሱ ይቀላልና። ቲራሚሱ ከጥንታዊት ሮማ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሚመስለን ጥቂት አይደለንም። እውነቱ ግን ይህ ምግብ ከብዙዎቻችን ወላጆች በዕድሜ ያንሳል። በሰሜን ጣልያን፣ በቬኔቶ ግዛት፣ ትሬቪዞ በምትባል ከተማ የሚገኝ «ሌ ቤኬሪዬ» የተሰኘ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ለደንበኞቹ እንዳቀረበው ይነገራል። ጎረቤቶቻቸው የፍሪዩሊ ሰዎች ግን «ከእናንተ በፊት እኛ ሠርተነዋል» ብለው ይሟገታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የጣልያን የግብርና ሚኒስቴር ቲራሚሱን ከፍሪዩሊ ባህላዊ ምግቦች ተርታ ሲመዘግበው ሙግቱ ይበልጥ ጋለ። የምግብ ቤቱ ባለቤት አዶ ካምፔዮል ያረፉት በ2021 ነው፤ በፈጣሪነቱ ስማቸው የሚነሣው የጣፋጭ ባለሙያ ሮቤርቶ ሊንጓኖቶ ደግሞ በ2024። እንግዲህ «ባህላዊ» የምንለው ነገር አባቶቹ ትናንት አብረውን ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ባህል ለመባል ከበቃ፣ ሳይለወጥ መኖር የባህል መለኪያ ሊሆን አይችልም። ምግብን ባህል የሚያደርገው በየዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ለዚያው ሰው ተብሎ ደግሞ ደጋግሞ መሠራቱ ነው።

የሚቆጣው ወገን ጥያቄ ከበድ ይላል። መልሱንም ከዚያው ከበዓሉ ሳህን ላይ እንፈልገው። የዶሮ ወጣችንን ቀይ ያደረገው በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በእኛም ሆነ በአውሮጳ የሚያውቀው አልነበረም። ቡናስ? ቡና በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የበቀለ የአገር ልጅ ነው። ቢሆንም እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ መጠጣቱ ይነቀፍ ነበር። ዛሬ ያለ እርሱ በዓል በዓል የማይመስለን ቡና፣ በክርስቲያኑ ማዕድ ዘግይቶ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ማዕዳችን በር አልባ ቤት ሆኖ አያውቅም፤ የገባውን ሁሉ ግን በራሱ ወግ አስገብቶታል።

ነገር ግን በርበሬ ጦር ይዞ አልመጣም። እዚህ ላይ ነው የሚቆጣው ወገን እውነት ያለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሸነፈው ጣልያን ከአርባ ዓመት በኋላ በመርዝ ጋዝ ታጅቦ ተመለሰ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰውን ደም የስድስት ኪሎው ሐውልት ዛሬም ይመሰክራል። አጎቴ የአርበኛ ልጅ ናቸው። በገና ዕለት የቲራሚሱው ሳህን ሲዞር መዳፋቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለእኔ ቡናው ይበቃኛል» ይላሉ። ተቆጥተው አይደለም፤ ዝም ብለው ያሳልፉታል። እኔም «ይቅመሱልኝ» ብዬ አላስቸግራቸውም።

ታዲያ ለምን አልተወውም? ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ቋንቋችን ከእኛ ቀድሞ መልሱን ያገኘው ይመስለኛል። ፉርኖ፣ ማኪያቶ፣ ቦምቦሊኖ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ አዲስ አበባን በቡና ሽታ ያጠነው የቶሞካ ስም እንኳ የጣልያንኛ ምሕጻረ ቃል ነው፤ የሚቆላው ግን የእኛው ፍሬ ነው። ወራሪውን ያባረረ ሕዝብ ቃሉን አላባረረም፤ በአማርኛ ሰዋስው አርብቶ፣ በአማርኛ አንደበት አለስልሶ የራሱ አደረገው። «ማኪያቶዎች» ብሎ ያበዛ ሰው የተሸነፈ ሰው አይደለም። አደጋው ከመቀበሉ ላይ ሳይሆን የተቀበሉትን ነገር ታሪክ ከመርሳቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሳህኑ ሲዞር ልጆቹ «አጎቴ ለምን አይበሉም?» ብለው ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ያ ጣፋጭ ባይኖር ኖሮ በገና ቀን ስለ አያታቸው አባት የሚጠይቅ ልጅ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ የክርክሬ ግማሹ ያለው በእጅ ሥራው ውስጥ ነውና። የትሬቪዞው ቲራሚሱ ሳቮያርዲ የሚባል ደረቅ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ብስኩት ይፈልጋል፤ ቡና ውስጥ ብልጭ ተደርጎ ወዲያው ይወጣል። ምድጃ የማይነካው ጣፋጭ የሚያሰኘውም ብስኩቱ ቀድሞ የተጋገረ መሆኑ ነው። በእኔ ቤት ያን ቦታ የሚይዘው ለበዓሉ በኮባ ቅጠል የተጋገረው ድፎ ነው። የጣት ውፍረት ባላቸው ቁራጮች እቆርጠውና ጥቂት ሰዓት አየር ላይ አደርቀዋለሁ፤ ትኩስ ዳቦ ቡና ሲነካው ገንፎ ይሆናልና። ድፎ ከሳቮያርዲ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አልነክረውም፤ በማንኪያ አጠጣዋለሁ። ለታችኛው ድርብ አቦሉን፣ ለላይኛው ቶናውን። ታች ያለው ብርቱ፣ ላይ ያለው ለስለስ ያለ ይሆናል። በረካው የሰው ድርሻ ነው፤ እርሱን አልነካም።

ከዚያ ነጩ ድርብ አለ። ማስካርፖኔ ከሎምባርዲያ የመጣ አይብ ነው፤ የወተት ክሬም ሞቆ፣ በአሲድ ረግቶ፣ ተጠልሎ ይገኛል። የእኛ አይብ ደግሞ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በእሳት ይለያል። ሁለቱም የእሳት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቅባቱን ሁሉ የያዘ፣ ሌላው ቅባቱን ሰጥቶ የቀረ። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቅቤው ለዶሮው ወጥ ሲሄድ አይቡ ለብቻው ይቀራል፤ በበዓሉ ቀንም የወጡን ቃጠሎ ሊያበርድ ተመልሶ ይገናኘዋል። እኔ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም አይብ በንጹሕ ሻሽ ለሁለት ሰዓት አጠልላለሁ፤ ቅንጣቱ እስኪጠፋ በወንፊት አሻለሁ፤ ያንኑ ያህል ማስካርፖኔና አራት የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምሬ አዋህዳለሁ። የትሬቪዞዎቹ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ይመቱበታል፤ በእኔ ማዕድ እርጉዝም፣ ሕፃንም፣ አረጋዊም ስለሚቀመጥ እንቁላሉን ትቼ በተመታ ክሬም ተክቼዋለሁ። ዳቦ፣ አቦል፣ ነጩ፤ እንደገና ዳቦ፣ ቶና፣ ነጩ፤ በላዩ የካካዎ ዱቄት። አለቀ።

አለቀ ስል ግን መሥራቱን ነው። ገና 43 ቀን ከሚጾምበት ጾም በኋላ ይመጣል፤ ይህን ሁሉ የምሠራው ደግሞ በዋዜማው ነው። ወተቱንም፣ አይቡንም፣ ክሬሙንም እየነካሁ አንዲት ጠብታ ወደ አፌ አላደርስም። እናቶቻችን ዶሮ ወጥን ጨውና ቅመሙን በሽታና በዓይን ለክተው፣ ሳይቀምሱ ለሌሊቱ እንደሚያደርሱት ማለት ነው። የትሬቪዞው የጣፋጭ ባለሙያ በየደቂቃው ማንኪያውን ሊልስ ይችላል፤ የእኛዋ ባለሙያ ግን እጇን አምና ትሠራለች። ይህ ጣፋጭ በባሕርዩ አንድ ሌሊት በቅዝቃዜ ማደር አለበት፤ ዳቦው ቡናውን የሚጠጣው፣ ነጩ የሚረጋው በዚያ ጊዜ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስናድር እርሱም ማቀዝቀዣው ውስጥ ያድራል። ከፈረንጅ አገር የመጣ ምግብ ሳያውቀው የዋዜማ ሥርዓታችንን ጠበቀ። የሁለቱ ባህሎች እውነተኛ መገናኛ ለእኔ ከአይቡና ከማሩ ይልቅ ይህ መጠበቅ ነው።

ቅኔ የሚወድ አንባቢ «ድርብርብ ከሆነማ ሰምና ወርቅ ነው» ሊለኝ ይችላል። ምሳሌው ቢማርከኝም አልቀበለውም። በሰምና ወርቅ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፤ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይወጣል። በእኔ ሳህን ላይ ማንም ማንንም እንዲሸፍን አልፈልግም። ስለዚህ በብርጭቆ ሳህን እሠራዋለሁ፤ ጥቁሩ ከነጩ፣ ዳቦው ከአይቡ ተለይቶ በጎን ይታያል። ስሙንም አልለውጥም። «የኢትዮጵያ ጣፋጭ» ብዬ ጣልያንነቱን ብሰውር ውሸታም እሆናለሁ፤ ዝም ብዬ «ቲራሚሱ» ብዬ ድፎውን ብረሳም እንዲሁ። «የድፎ ቲራሚሱ» እለዋለሁ፤ ሁለቱም ወላጆቹ በስሙ ይጠሩ። ባህል ከባህል ሲቀላቀል የምንፈራው መጥፋት የሚመጣው ድርቦቹን አንድ ላይ ፈጭተን፣ የትኛው ከየት እንደመጣ መናገር ስናቅት ነው። ድርቡ ከታየ፣ ስሙ ከተጠራ፣ የማይቀምሰውም ሰው ምክንያቱ ከተከበረለት፣ ማዕዱ ይሰፋል እንጂ አይፈርስም።

ለመሞከር ለምታስቡ አንድ ምክር አለኝ። ቁራጩ ከክብሪት ቀፎ አይብለጥ። ከረጅም ጾም የወጣ ሆድ ቅቤውንና ሥጋውን ገና እየተላመደ ነውና ክሬም አታብዙበት። ደግሞም ይህ ጣፋጭ የቡናው መንገድ ጠራጊ ነው፤ ተተኪው አይደለም። ቲራሚሱ ማለት በቋንቋው «ወደ ላይ ሳበኝ» እንደ ማለት ነው፤ እኛ «ቀና አድርገኝ» ልንለው እንችላለን። ሰውን ቀና ማድረጉን ግን ጀበናው ከእርሱ በፊት ያውቅበታል።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ።