ቅጠል ስለ ተሣለበት ብልቃጥ

በዚህ ዘመን በከተማ ገበያ ከሚሸጡት ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ የደራው አንድ ቃል ነው፤ እርሱም «ተፈጥሯዊ» የሚለው ነው። ቅባቱ ተፈጥሯዊ፥ ሳሙናው ተፈጥሯዊ፥ የጠጕር ማጠቢያው ተፈጥሯዊ ይባላል። አንዲት አረንጓዴ ቅጠል በብልቃጥ ላይ የተሣለች እንደ ሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ገዢውም ስለ ውስጡ መጠየቁን ይተዋል። እኛ በዚህች ጽሑፍ የምንከራከረው ወደ እናቶቻቸው ቅቤና እሬት ከተመለሱት እኅቶቻችን ጋር አይደለም፤ መመለሳቸው መልካም ነው። ክርክራችን ቃሉን ከሚሸጡት ጋር ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን ራሱን እንመርምር፤ የቅኔ ቤት ልማድ ይህ ነውና። ተፈጥሮ «ፈጠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው፤ የተፈጠረውንም ሁሉ ያለ ልዩነት ይጠራል። ማርም እባብም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ባዜቃ፥ ይኸውም ዛሬ ሜርኩሪ የሚሉት፥ ከምድር ማዕድን የሚወጣ ነው፤ እርሳስም እንዲሁ፤ አርሴኒክም እንዲሁ። እንግዲህ «ዕቃዬ ተፈጥሯዊ ነው» ያለን ነጋዴ ስለ ዕቃው ገና ምንም አልነገረንም። «ኬሚካል የለበትም» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሳሙና ሳሙና የሚሆነው ሞራ ወይም ዘይት ከአመድ ውሃ፥ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ከሚሉት ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ይህን የማያውቅ ሳሙና ሠሪ የለም፤ ይህን የሚክድ ሳሙና ሻጭ ግን ሞልቷል።

ሠምና ወርቅ የተማረ ሰው ላይ ላዩን ሰምቶ አይነሣም፤ ከሠሙ በታች ያለውን ይፈልጋል። የብዙዎቹ የቈዳ ማንጫ ቅባቶች ሠማቸው ካሮት፥ ፓፓያ፥ ሎሚና ማር ነው፤ ሥዕሉም ያማረ ነው። ተገልጦ ሲመረመር ግን ውስጡ አንድም ባዜቃ፥ አንድም ሃይድሮኪኖን፥ አንድም ክሎቤታሶል ሆኖ በልዩ ልዩ አገሮች ደጋግሞ ተገኝቷል። ባዜቃ ለቈዳችን ጥቁረትን የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ስለዚህ ፊት ለጥቂት ጊዜ የጠራ ይመስላል። ዳሩ ግን በቈዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኵላሊትን ይጐዳል፥ የነርቭንም ሥራ ያውካል፤ በእርጉዝ ሴት ላይ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። የምትጐዳውም የተቀባችው ብቻ አይደለችም፤ በፎጣና በትራስ፥ በመታቀፍም፥ ቅባቱን በዐይናቸው አይተው ለማያውቁ ሕፃናት ይደርሳል።

ሃይድሮኪኖን ሐኪም በልክ የሚያዝዘው ነገር ነው። ያለ ልክ ለዓመታት የተቀባው ሰው ግን ሊያነጣው የፈለገው ፊት ተመልሶ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁረት ይለብስበታል፤ ሐኪሞች ይህን ኦክሮኖሲስ ይሉታል፥ ለማዳንም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ደቡብ አፍሪካ ይህን ጉዳት በሕዝቧ ፊት ላይ ካየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖን በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለች። ክሎቤታሶልም ለብርቱ የቈዳ ሕማም የሚታዘዝ መድኃኒት ሲሆን፥ ያለ ሐኪም ፊት ላይ ሲውል ቈዳውን እንደ ወረቀት ያሳሳዋል።

ስለ ባዜቃ ዓለም ዝም አላለም። በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የፈሰሰው ባዜቃ ዓሣውን በክሎ፥ ዓሣውን የበላውን ሕዝብ ስለ ፈጀ፥ በከተማይቱ ስም የተጠራ ውል እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርሞ በ2017 ጸንቷል። በዚህ ውል መሠረት ከሚሊዮን እጅ አንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለበት መዋቢያ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይሠራ፥ እንዳይገባና እንዳይወጣ ተወሰነ፤ በ2023ም የተሰበሰቡት መንግሥታት ያችንም አንዲት እጅ ከ2025 በኋላ ላለመፍቀድ ተስማሙ። ውሉ ይህን ይበል እንጂ ቅባቱ ከሱቅ መደርደሪያ ገና አልወረደም። ስለዚህም የቅጠሉ ሥዕል ከቀልድ ያለፈ ነገር ነው። አንዲት ሴት ስለ ባዜቃ ክፋት ሰምታ፥ ፈርታ፥ የቀድሞውን ቅባቷን ጥላ «ከእንግዲህ ተፈጥሯዊውን ብቻ እቀባለሁ» ብላ ትነሣለች፤ ከዚያም በቅጠልና በካሮት ተሸፍኖ ወደሚጠብቃት ያው ባዜቃ ትገባለች። በሸሸችበት መንገድ ላይ ወጥመድ የዘረጋባትን ሰው ነጋዴ ብሎ መጥራት ለነጋዴዎች ስድብ ነው።

ደግሞም የሚነጣው ቈዳ የት አገር እንደ ሆነ የሚያስብ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የማያንስ ከፍታ አላት። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ሜላኒን ለዚህ ጨረር ጋሻ ነው። በደጋ ፀሐይ ሥር የሚኖር ሰው ጋሻውን በገንዘቡ ገዝቶ ሲያስወልቅ ማየት እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያስ የአያቶቻችንን እንያዝ፥ የአያቶቻችን ሁሉ ደኅና ነው» ይል ይሆናል። በዚህም አንስማማም። በጨርቅ ተቋጥሮ፥ በቀንድ ተሞልቶ፥ ለሙሽራ ብቻ ሳይሆን ለጨቅላ ሕፃን ዐይን ሳይቀር የሚቀባው ኵል አለ። በአፍሪካ፥ በዐረብና በሕንድ ገበያዎች የሚሸጠው ኵል ሲመረመር ብዙ ጊዜ ጋሌና የሚባለው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፤ ጋሌናም እርሳስና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን ነው። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጐዳል፤ ትንሹ መጠንም እንኳ ይጐዳል። ሕፃኑም ዐይኑን ያሻል፥ ጣቱንም ይጠባል። በአሜሪካ አገር ኵል በመዋቢያ ቀለምነት የተፈቀደ አይደለም። ኵላችን ጥንታዊ ነው፥ በግጥምም ብዙ ተወድሷል፤ በሕፃን ዐይን ግን ሊቀባ አይገባውም። ይህን ስንል የሚከፋን የለም ብለን አይደለም፤ ይከፋን።

ሎሚም እንዲሁ ነው። ፊቱን በሎሚ አሽቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው፥ በሎሚው ውስጥ ያለው ነገር ከብርሃኑ ጋር ሲገናኝ ቈዳው ተቃጥሎ ይቈስላል፥ ጠባሳውም ለብዙ ወራት ይከርማል። ስለ ወይባ ጢስም አንድ ነገር እንበል፤ የአራስን ገላ ያበረታል ተብሎ የታመነ፥ በከተማም የውበት ሳሎኖች እንደ ገና ክብር ያገኘ ነገር ነው፤ ነገር ግን መስኮት በሌለው ክፍል የሚጤስ ከሰልና እንጨት ሽታው ምንም ቢያምር የሚገድል ጋዝ ማውጣቱን አይተውም። የጕሎ ፍሬ ደግሞ ራይሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለበት፤ ዘይቱ በሚገባ ሲወጣ መርዙ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፥ ዘይቱም ለጠጕር መልካም ነው። መልካምነቱ ግን ከአወጣጡ የመጣ ነው እንጂ ዛፍ ላይ ከመብቀሉ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ከእንዶድ የበለጠ ምስክር የለም። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ እንዶድ ወቅጦ ልብሱን በወንዝ ዳር ያጠበ ነውና አመሉን ያውቀዋል፤ አረፋው እንደ ፈረንጅ ሳሙና ያጠራል፥ ዐይን የገባ እንደ ሆነ ግን ያስለቅሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች በኩል ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያው አረፋ ልብስ ያጠራል፥ ቀንድ አውጣ ይገድላል፥ ዓሣም ይገድላል፤ የጠጣውንም ሰው ለሞት ያደርሳል። ሊቁም ትልቅ ሥራ ሊሠሩ የቻሉት «ተፈጥሮ ነው» ብለው ስላለፉት አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ፥ በምን ያህል መጠን እንደሚያደርግ ስለ ጠየቁ ነው።

የአያቶቻችን ብልጫ ታዲያ ምን ነበር? ከገበያ እንዶድ የገዛች ሴት የገዛችው እንዶድ ነው። ፍሬው በፊቷ ተዘርግቷል፤ ስሙን ታውቃለች፥ አመሉንም ከእናቷ ሰምታለች። ለጋ ቅቤ ለራሷ የገዛች ሴት አሽትታ ትመርጣለች፤ የከረመውን ሽታው ራሱ ይነግራታል። እሬቱን ቈርጣ ቢጫውን ፈሳሽ አፍስሳ ነጩን ትወስዳለች፤ ቢጫው እንደሚያሳክክ ተነግሯታልና። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ቀለሙ ከየትኛው ሥር እንደ ወጣ የሚነግራት አላጣችም። ዛሬ ግን «ጥቁር ሒና» እየተባለ በሰዓት ውስጥ እንደ ቀለም ጠቍሮ የሚታየው ምንድን ነው? የሒና ቅጠል ቀይ ወይም ቡናማ እንጂ ጥቁር አይሰጥም። ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፓራ ፌኒሊን ዲያሚን ከሚባለው የጠጕር ማጥቈሪያ ነው፤ ይህም በእጅ ቈዳ ላይ ሲውል ያቈስላል፥ አንድ ጊዜ ያቈሰለውንም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለጠጕር ቀለም እንዳይስማማ ያደርገዋል። ስሙ ሒና ነው፤ በስሙ ውስጥ ግን ሌላ ገብቶበታል።

«መጠበቂያ አልተጨመረበትም» የሚለውን መፈክር የሚወዱም አሉ። ዘይት ብቻ የሆነ ቅባት ያለ መጠበቂያ ሊቈይ ይችላል፤ ውሃ የገባበት ቅባት ግን ያለ መጠበቂያ በጥቂት ቀን ሻጋታና ተሐዋስያን ያፈራል። እቤት የተሠራውን የእሬት ውሃ ወይም የሩዝ ውሃ በሳምንት ውስጥ መጣል እንጂ ለወራት በመደርደሪያ ማስቀመጥ አይገባም።

ስለዚህ ከሻጮች የምንሻው ጥቂት ነው። በብልቃጡ ላይ በውስጡ ያለው ሁሉ በየስሙ ይጻፍ፥ ገዢውም በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ የተሠራበት ቀንና የሠሪው አድራሻም ይታከል። ይህ አዲስ ሸክም አይደለም፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መዋቢያ የሚሸጥ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የዕቃውን ዝርዝር ይጽፋል። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 መዋቢያን በቍጥጥሩ ውስጥ አግብቶታል። ገዢዎችም ስም ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ለሻጩ ይመልሱለት፤ ሲመልሱም ምክንያቱን ይንገሩት፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥ አነጣለሁ የሚለውን ግን ዝርዝር ቢጻፍበትም አይንኩት።

«እኛ በቤታችን በትንሽ ገንዘብ የምንሠራ ሴቶች ነን፤ ላቦራቶሪ ከየት እናመጣለን?» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን «የጕሎ ዘይት፥ የንብ ሠም፥ ጥቁር አዝሙድ» ብሎ መጻፍ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የምርመራው ወጪ ከባሕር ማዶ ዕቃ በኮንቴይነር የሚያስመጡትን ይመለከታል፤ እነርሱም ይችሉታል።