«ትንሽ ነው» ስንት ሚሊ ሊትር ነው?

በእኛ አገር ልጅ ተወልዶ እልል ሲባል ሁሉም ዓይን ወደ ሕፃኑ ነው። ወንድ ነው ሴት? ማንን ይመስላል? ለአባቱ ደውሉለት እንጂ! «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎው ይጣዳል። እናትየዋ ግን ገና አልወጣችም። በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነው፤ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችን ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ልክ በዚያ የእልልታ ሰዓት ነው። ማህፀኑ እንደሚገባው ሳይኮማተር ሲቀር ደሙ አይቆምም፣ ከባድ ከሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

«ደም ፈሰሳት እንዴ?» ሲባል መልሱ ምንድነው? «ትንሽ ነው፣ ያለ ነው።» አንዳንዴም «መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣላት» የሚል አለ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና ይሄ «ትንሽ» የሚባል ነገር አይዋጥልኝም። ዘጠነኛ ክፍል ገና ስትገቡ የምንጀምረው በልኬት ነው፣ ታስታውሳላችሁ። አንድ ጊዜ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ቀይ ቀለም ጨምሬበት ሳያዩ ወፍራም ጨርቅ ላይ ደፋሁትና «ስንት ይሆናል?» አልኳቸው። አብዛኛው ክፍል አንድ ብርጭቆ ነው አለ። ጨርቅ ይመጣል፣ ፍራሽ ይመጣል፣ ወለል ላይ የፈሰሰው ይጠረጋል፤ ዓይን ይሸወዳል። የባለሙያ ዓይንም እንደዚሁ ነው። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ ዓይን መለኪያ ስላልሆነ ነው።

መፍትሔው እኮ የሚያስቅ ቀላል ነው። ልጁ እንደወጣ ከእናትየዋ ሥር የሚነጠፍ፣ ጫፉ እንደ ከረጢት ሆኖ ደሙን የሚያጠራቅም ግልጽ ላስቲክ ነው። ላዩ ላይ ሚሊ ሊትር ተጽፎበታል። 300 ላይ አንድ መስመር፣ 500 ላይ ሌላ መስመር። 500 ማለት ያቺው ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ናት። ፌስታል በሉት ከፈለጋችሁ።

ግን ሠራ ወይ? በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ እናቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በግንቦት 2015 ዓ.ም ወጥቷል። በዓይን በሚገምቱት ሆስፒታሎች ብዙ ደም ከፈሰሳቸው 100 እናቶች የታወቀላቸው 51ዱ ብቻ ነበሩ። ላስቲኩን በተጠቀሙት 93። ግማሾቹ ሳይታወቅባቸው ሲፈሱ ነበር ማለት ነው፣ ያውም ሆስፒታል ውስጥ፣ ያውም ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ! ከአንድ ሊትር በላይ መፍሰስ፣ በዚሁ ምክንያት ሆድ መከፈት ወይም ሞት የደረሰባቸው ደግሞ ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረዱ። ላስቲኩ ብቻውን አይደለም ይሄን ያደረገው። መስመሩ እንደታለፈ ተራ ሳይጠበቅ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይሰጣል፦ ማህፀኑን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር ፈሳሽ (እኛ ጉሉኮስ የምንለው)፣ ከዚያ ደሙ ከየት እንደሚመጣ መመርመርና ካልቆመ ከፍ ወዳለ ሕክምና መላክ። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2018 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ 500 እስኪሞላ አትጠብቁ ብሏል፤ 300 ላይ የልብ ምቷ ወይም የደም ግፊቷ ከተዛባ ሕክምናው ይጀመር።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንምጣ። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት አንዲት እናት ደብረ ታቦር ሪፈር ብትባል ስንት ሰዓት ነው መንገዱ? አምቡላንሱ ከተገኘ፣ ነዳጅ ካለው፣ መንገዱ ካልተዘጋ። በዚህ ጊዜ ደግሞ መንገድ መዘጋቱን ለእናንተ አልነግርም። አስፋልት ላይ ለመድረስ በቃሬዛ የሚወርድ ስንት ቀበሌ አለ ጉና ሥር! ናይሮቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ያወቀ ሰው ሌላ ሆስፒታል አጠገቡ አለው። እኛ ጋ ግማሽ ሰዓቱ ራሱ ነው ሕይወቷ። ስለዚህ መለኪያው ከሆስፒታሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያው ነው ባይ ነኝ።

«ጓንት በሌለበት ስለ ላስቲክ ታወራለህ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። ኦክሲቶሲንም ፍሪጅ ይፈልጋል፣ መብራቱ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ደም ሲለካ ደሙ አይቆምም። ግን ካልተለካ ያለው መድኃኒትም ሰዓቱን አልፎ ነው የሚሰጠው። ባለፉት 20 ዓመታት እናቶቻችንን «ጤና ተቋም ውለዱ» ብለን ለመንን፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን በእግራቸው ዞሩ፣ ሰዎቹም ሰሙ። በ2008 ዓ.ም በአገር ደረጃ በጤና ተቋም ይወለድ የነበረው ከ100 ልጅ 26 ነበር፣ በ2011 ዓ.ም 48 ደረሰ። ያን ያህል ኮረብታ ወርዳ የመጣችን እናት አልጋ ላይ አስተኝተን በግምት ማየት አይከብድም?

በውጭም በአዲስ አበባም ያላችሁ የደብረ ታቦር ልጆች ለጤና ጣቢያ ልትረዱ ስትነሱ አልጋና ቲሸርት ብቻ አታስቡ። መጀመሪያ አዋላጆቹን ጠይቁ። ላስቲኩ እስኪመጣ ደግሞ ቤተሰብ ሕፃኑን ሲስም አንድ ሰው እናትየዋ ጋ ይቅር። ጨርቋ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ ከቀዘቀዘች፣ ካላባት፣ «ዓይኔን አጨለመኝ» ካለች አፍሮ ዝም ማለት የለም፣ ባለሙያ ይጠራ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁና ዛሬ አዋላጅ ነርስ የሆናችሁ፣ እስቴም፣ ጋይንትም፣ እብናትም ያላችሁ፦ እናንተ ጋ በምንድነው የሚለካው? በላስቲክ፣ በሳህን ወይስ በዓይን? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የጤና ጣቢያውን ስም መጥራት አያስፈልግም።